ውጥረትና ማላላት፦ ኦቲዝም ላላቸው አዋቂዎች የአስተውሎት ልምምድ ምን ይጠቅማል?

(በመቐለ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለእንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)



ወደ ርእሴ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላሳውቅ። ከኋላ በስተቀኝ ያለው በር እስከ ንግግሩ መጨረሻ ክፍት ይቆያል። ድምፁ፣ መብራቱ ወይም የሰው ብዛት የከበደው ሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ወጥቶ መመለስ ይችላል። የድምፅ ማጉያውንም ሆን ብለን ዝቅ አድርገነዋል፤ በደንብ የማትሰሙ ወደ ፊት ቀረብ በሉ እንጂ ድምፁ ይጨመር አትበሉን። ምክንያቱን ንግግሩ ሲቀጥል ታገኙታላችሁ።

በክፍል ውስጥ ይህን ትምህርት የምንሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ በአማርኛ እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር የቃላት ነበር። «ስትረስ» የሚባለውን አማርኛ «ውጥረት» ብሎ ይዞታል፤ ጥሩ ቃል ነው። ቆዳ በከበሮ ላይ ይወጠራል፣ ጅማት በበገና ላይ ይወጠራል፣ ድንኳን ይወጠራል። ያልተወጠረ ጅማት ድምፅ አይሰጥም፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ደግሞ ይበጠሳል። ስለዚህ «ሪላክሴሽን» ለሚባለው «መዝናናት» ከማለት ይልቅ «ማላላት» የሚለውን መርጫለሁ፤ መዝናናት ሲባል ብዙዎቻችን ሻይ ቤት መቀመጥ ነው የሚታየን። «ማይንድፉልነስ» ለተባለው ደግሞ «አስተውሎት» እላለሁ። ሰው ሆን ብሎ፣ አሁን በሰውነቱና በዙሪያው እየሆነ ያለውን፣ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብሎ ለመፍረድ ሳይቸኩል ልብ ማለቱ ነው።

ሌላም የቃል ጉዳይ አለ፤ ይህኛው የሰዋስው ብቻ አይደለም። «ኦቲዝም ያለበት» ስንል አማርኛችን ሳናስበው ፍርድ ይሰጣል። ዕዳ ያለበት፣ ሕመም ያለበት፣ ክስ ያለበት እንላለን፤ «በት» የምትለዋ ድምፅ በሰውየው ላይ የተጫነ ክፉ ነገርን ታመለክታለች። ጥበብ ግን «ያለው» ነው፤ ትዕግሥት «ያለው» ነው። እኔ «ኦቲዝም ያለው» እላለሁ። «ኦቲስቲክ ነኝ» ማለትን የሚመርጡ አዋቂዎችም አሉ፤ በዚያ ጊዜ ምርጫው የባለቤቱ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ለምን ስለ አዋቂዎች እንናገራለን? ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ባሳተመው ጽሑፍ የገለጻቸው 11 ልጆችን ነበር። ከዚያ ወዲህ ኦቲዝም የሚለው ቃል ከሕፃን ምስል ጋር ተጣብቆ ቀረ። ነገር ግን ከእነዚያ ልጆች የመጀመሪያው የነበረው ዶናልድ ትሪፕሌት፣ ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል ትንሽ ከተማ በባንክ ሠርቶ፣ ጎልፍ ተጫውቶ፣ ብዙ አገር ዞሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ89 ዓመቱ አርፏል። ልጅነቱ የሕይወቱ ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር።

በአገራችንም ነገሩ እንደዚሁ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲመሠርቱ መነሻቸው የገዛ ልጃቸው ነበር። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ያጡ እናት ትምህርት ቤቱን ራሳቸው ሠሩት። በኋላም የነህምያ ኦቲዝም ማዕከል በዚያው ከተማ ተከፈተ። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል፤ ለዚህ አገር ኦቲዝምን በስሙ እንድንጠራው ያስተማሩን እሳቸው ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም። አሁን ግን ሒሳቡን አብራችሁኝ ሥሩ። ያኔ ስድስትና ሰባት ዓመት የነበሩ ልጆች ዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። እነዚህ እንግዲህ የታወቁት፣ ዋና ከተማ ውስጥ ማዕከል ያገኙት ናቸው። ያልታወቁት «ዝምተኛ»፣ «ግትር»፣ «ጸባየ ልዩ»፣ ሲከፋም «የተለከፈ» እየተባሉ አድገው በገበያው፣ በእርሻው፣ በቢሮው፣ በዚህም አዳራሽ ውስጥ አሉ።

በአዲስ አበባ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች በሚያሳድጉ 102 ተንከባካቢዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ አብዛኞቹ ቤተሰቦች መገለል እንደሚደርስባቸውና የልጆቻቸውን ሁኔታ በሕክምና ምክንያትም በመንፈሳዊ ምክንያትም በአንድነት እንደሚያስረዱ አሳይቷል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አገልግሎቱ በዋናው ከተማ መከማቸቱን አመልክቷል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ልጆች ነው። ጥናቶቹን መንቀፌ አይደለም፤ ከአንድ ቦታ መጀመር ግድ ነበር። ልጆቹ ግን አይጠብቁንም፤ ያድጋሉ።

አዋቂዎቹ ላይ የሚደርሰው ውጥረት ምን ያህል ነው? ከበርካታ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ያጠቃለለና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትንተና፣ ኦቲዝም ካላቸው አዋቂዎች 27 በመቶ ያህሉ በጥናቱ ወቅት የጭንቀት ሕመም እንደነበራቸው፣ 42 በመቶ ያህሉ ደግሞ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ እንደገጠማቸው ገምቷል። ለድብርት አኃዙ 23 እና 37 በመቶ ነው። ኦቲዝም ራሱ ጭንቀት አይደለም። ጭንቀቱ የሚመጣው ይህ ሰው ለእሱ ባልተሠራ ዓለም ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስለሚውል ነው።

ያንን ቀን እስቲ በእኛ አገር እንመልከተው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ሰላምታ አለ። ጉንጭ ለጉንጭ መሳም ነው፣ ትከሻ ለትከሻ መጋጨት ነው፣ ደኅንነትን አምስት ጊዜ መጠየቅና አምስት ጊዜ እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ነው። ባጃጅ ውስጥ ጉልበት ከጉልበት ይነካካል፣ ሙዚቃው ይጮኻል። ቢሮ ውስጥ መብራቱ ይርገበገባል። ምሳ ላይ «ብላ እንጂ! በሞቴ!» አለ፤ ጉርሻ አለ፤ የሰው ጣት ከንፈሩን ይነካዋል፤ እምቢ ካለ ደግሞ ይታማል። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት መድረስ አለ፤ መቼ መነሣት እንደሚገባው የሚነግረው የለም፤ ሌላው ሁሉ ያውቀዋል፣ እሱ ግን ማንም ያላስተማረውን ሕግ ይፈራል። እነዚህ ልማዶች የምንኮራባቸው ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ለድምፅና ለንክኪ የስሜት ሕዋሱ እጅግ ስሱ ለሆነ ሰው ግን እያንዳንዳቸው ክፍያ አላቸው። ብዙዎቹም እንደ ሌላው ለመምሰል ፊታቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ድምፃቸውን ቀኑን ሙሉ ይቆጣጠራሉ። ተመራማሪዎች ይህን መሸፈን ወይም ጭንብል ማድረግ ይሉታል። ለወራትና ለዓመታት ሲቀጥል የሚያመጣው ድካም በእንቅልፍ የሚወጣ አይደለም። ይናገር የነበረው ንግግር ይጠፋበታል፣ ይችለው የነበረው ሥራ ያቅተዋል።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችሁም በመጀመሪያ ዓመት ተምራችኋልና በአጭሩ ልለፈው። አደጋ ሲታሰብ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ሥርዓት ይነሣል፣ አድሬናሊንና ኮርቲዞል ይለቀቃሉ፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይጠነክራል። አደጋው ሲያልፍ በቫገስ ነርቭ በኩል ሰውነት ይመለሳል። እዚህ ላይ የምትይዙልኝ ነገር ቢኖር ሰውነት አደጋውን አይመረምርም፤ የጄኔሬተር ድምፅም የሚያሳድድ ውሻም ያንኑ መንገድ ያስነሡታል።

ስለ መቐለ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጦርነቱ ከተጀመረበት ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. አንሥቶ የፕሪቶሪያው ስምምነት እስከተፈረመበት እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ የሆነውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ባንክ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ መብራት ጠፋ፣ ከተማዋ ከአየር ተደበደበች። ያ ጊዜ ለሁላችንም ከባድ ነበር። የቀኑ ሥርዓት እንደ ምሰሶ ለሚያቆመው ሰው ግን ምሰሶው ከነጣሪያው ነው የወረደው።

አንድ የቀድሞ ተማሪያችንን ላንሣ። ራሱ ፈቅዶልኛል፤ ማንነቱ እንዳይታወቅም ጥቂት ዝርዝሮችን ለውጫለሁ። ኦቲዝም እንዳለው ያወቀው ከሃያ ዓመቱ በኋላ ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ተነሥቶ፣ በአንድ መንገድ ሄዶ፣ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ያነብ ነበር። በዚያ ጊዜ መንገዱም ወንበሩም ቀሩ። ትምህርት ሲከፈት ተመለሰ፤ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ከሁለት ሰው በላይ ባለበት ክፍል አይገባም፤ ሲጠየቅ አይመልስም። እኔም የተማርኩትን ልጠቀም ብዬ ቢሮዬ አስቀመጥኩትና «ዓይንህን ጨፍን፣ እስትንፋስህን ተከታተል፣ አእምሮህን ነፃ ልቀቀው» አልኩት። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ተነሥቶ ወጣ። ለሁለት ሳምንት አላየሁትም።

ስሕተቱ ሙሉ በሙሉ የእኔ ነበር። ምን እንደሆነ በኋላ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፤ መጻፍ ከመናገር ይቀለዋል። የጻፈው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ጆሮው ይሰላል፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ ማለት የአውሮፕላን ድምፅ መጠበቅ ማለት ነበር። ሁለተኛ፣ እስትንፋሱን ልብ ካለው በራሱ መሄዱን ያቆምበታል፤ እያንዳንዱን እሱ ማስገባትና ማስወጣት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ይታፈናል። ሦስተኛ፣ «አእምሮን ነፃ መልቀቅ» ምን ማድረግ እንደሆነ አልገባውም። «ምን እንዳደርግ ነው የነገሩኝ?» ይላል ጽሑፉ። እውነቱን ነው። እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

ያቺ ወረቀት ከብዙ መጽሐፍ በላይ አስተምራኛለች። ከእሷ በኋላ ነው የጥናቶቹን ዝርዝር አተኩሬ ያነበብኩት።

የአስተውሎት ሥልጠና ዛሬ በሚታወቅበት መልክ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጆን ካባት ዚን ከቡድሂስት የጽሞና ልምድ የወሰደውን ከሃይማኖታዊ መልኩ ለይቶ፣ ለማያቋርጥ ሕመም ታማሚዎች የስምንት ሳምንት ትምህርት አደረገው። ኦቲዝም ላላቸው አዋቂዎች ተስማሚ አድርገው በቁጥጥር ቡድን ከፈተኑት ቀዳሚዎቹ የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናቸው። አኔሊስ ስፔክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት 42 አዋቂዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ለዘጠኝ ሳምንት ሠለጠነ። በሠለጠኑት ላይ ጭንቀት፣ ድብርትና አንድን ሐሳብ ደጋግሞ ማመንዠክ ቀነሰ፤ ደስ የሚያሰኝ ስሜትም ጨመረ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2017 ሲዞና ኩይፐር 59 ሰዎችን ይዘው አስተውሎትን ከኮግኒቲቭ ቢሄቪዮራል ሕክምና ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ሁለቱም በተቀራራቢ ደረጃ ጠቃሚ ሆነው አገኟቸው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሰዎች ያለ አሠልጣኝ በኢንተርኔት ራሳቸው እንዲለማመዱ የሚያደርግ አነስተኛ ሙከራ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ተስፋ ሰጪ ነበር።

የእነዚህን ጥናቶች ልክ ማወቅ አለባችሁ። ቡድኖቹ ትንንሽ ናቸው። ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው አቀላጥፈው የሚናገሩና የአእምሮ እድገት ውስንነት የሌለባቸው ናቸው። ሠልጣኙ መሠልጠኑን ስለሚያውቅ በተስፋ ብቻ የሚመጣውን ለውጥ መለየት ያስቸግራል። የሚኖሩትም መብራት በማይጠፋበት አገር ነው። ስለዚህ «ተረጋግጧል» የሚል ሁሉ እየቸኮለ ነው እላለሁ። «ጥሩ ምልክት አለ፤ ጉዳቱም በጥንቃቄ ከተያዘ አነስተኛ ነው» ማለት ግን ይቻላል።

እኔን የበለጠ የሳበኝ ውጤቱ ሳይሆን ስፔክና ባልደረቦቿ ትምህርቱን እንዴት እንደቀየሩት ነው። ምሳሌያዊ አነጋገርን አወጡ። ሐሳብን መተንተን የሚጠይቀውን ክፍል አስቀሩ። መረጃን ለማብላላት ጊዜ እንዲኖር አንድ ሳምንት ጨመሩ። የተማሪዬ ወረቀት የሚለውም ይህንኑ ነው።

ምሳሌያዊ አነጋገር ለምን ይከብዳል? አማርኛችን ስሜትን የሚናገረው በሰውነት ብልቶች ነው። ልቤ ተሰቀለ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ አንጀቴ ተላወሰ፣ ደሜ ፈላ እንላለን። በአንድ በኩል ይህ ሀብት ነው፤ ቋንቋው ራሱ ስሜት በሰውነት ውስጥ ቦታ እንዳለው ያስተምራል። በሌላ በኩል ግን ቃሉን እንዳለ ለሚወስድ ሰው ግራ ያጋባል፤ ልብ አይሰቀልም፣ ደምም አይፈላም። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ የጥናቶች ማጠቃለያ እንደሚያሳየው፣ ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የገዛ ስሜታቸውን ለይቶ በቃል መግለጽ ይቸግራቸዋል፤ በሌላው ሕዝብ ይህ 5 በመቶ ገደማ ነው። ከሰውነት ውስጥ የሚመጣውን ምልክት፣ ረኃብን፣ ጥምን፣ የልብ ምትን መለየትም ለብዙዎቹ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ «ምን ይሰማሃል?» የሚለው የእኛ የባለሙያዎች ተወዳጅ ጥያቄ ለእነሱ የፈተና ጥያቄ ይሆናል። «እጅህ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? መንጋጋህ ተነክሷል ወይስ ላልቷል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወጣት ጋር እንደገና ስንጀምር ዓይኑ ክፍት ነበር። ከእስትንፋስ ይልቅ በእግር ጀመርን። ኒርባይ ሲንግ የተባለው ተመራማሪ ትኩረትን ወደ ውስጥ እግር የመመለስ ቀላል ልምምድ አዘጋጅቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ኦቲዝም ላላቸው ወጣቶች ቁጣን ለመግታት ተጠቅሞበታል፤ ጥናቱ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የያዘ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ብልህ ነው። ውስጥ እግር ስሜት የማይቀሰቅስ ቦታ ነው። ልብ ውስጥ ፍርሃት አለ፣ ደረት ውስጥ መታፈን አለ፤ ተረከዝ ውስጥ ግን ወለል ብቻ ነው ያለው። ትእዛዙም ግልጽ ነው። ሁለቱንም እግሮችህን ወለሉ ላይ አድርግ። የግራ እግርህን ጣቶች አንቀሳቅስ። ተረከዝህ ወለሉን ሲነካ ልብ በል። አሁን የቀኙን።

ቀጥሎ ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅ ነው። ይህ ኤድመንድ ጃኮብሰን የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ሥልት ነው። እጅህን ጨብጥ፣ አምስት ቁጠር፣ ልቀቅ፣ አሥር ቁጠር። ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ እግር። ይህን ሥልት ለእነዚህ አዋቂዎች የምመርጥበት ምክንያት አለኝ። «ሰውነትህን አላላ» የሚል ትእዛዝ መላላቱን ለማያውቅ ሰው ባዶ ነው። መጀመሪያ ሲጠነክር፣ ቀጥሎ ሲለቀቅ ግን ልዩነቱ ራሱ ይታወቀዋል። በገና የሚቃኝ ሰውም ጅማቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው ልኩን የሚያገኘው። (ይህን ምሳሌ ለእናንተ ነው የነገርኳችሁ፤ ለእሱ አልነገርኩትም።)

እስትንፋስ የመጣው ከወር በኋላ ነው፤ ያውም በጣት። አመልካች ጣትን በሌላው እጅ ጣቶች ዳር ወደ ላይ እየሳቡ ማስገባት፣ ወደ ታች ቀስ እያሉ ማስወጣት። ማስወጣቱ ከማስገባቱ ቢረዝም ልብ ዝግ ይላል። እስትንፋስን ልብ ማለት የሚያፍነው ሰው ግን ጨርሶ ባይሞክረው ምንም አይጎድልበትም።

ወጣቱን በደንብ ካወቅሁት በኋላ እናቱ የነገሩኝን ልጨምር። በዚያ በጨለማው ጊዜ፣ ሲንቀጠቀጥ ሲያዩት፣ ሰፌድ ላይ ምስር አድርገው «ልቀምልኝ» ይሉት ነበር። ምስሩ የተለቀመ ሲሆን እንኳ ጠጠር መልሰው ይቀላቅሉበት እንደነበር እየሳቁ ነገሩኝ። እሱ ሰፌዱ ላይ አጎንብሶ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ጣቱ ምስሩን ይነካል፣ ዓይኑ ጠጠሩን ይለያል፣ ትንፋሹ ይረጋል። እኒህ እናት ካባት ዚንን አላነበቡም። እኔ ግን አንብቤ «ዓይንህን ጨፍን» አልኩት። ጥጥ መፍተል፣ ቡና መልቀም፣ መቁጠሪያ ወይም ሙስባሃ በጣት ማሳለፍ፣ ነጠላ ግንባር ድረስ መከናነብ፣ እነዚህ ሁሉ በቤታችን ያሉ ናቸው። ጸሎትን የማላላት ሥልት ብሎ መጥራት ለጸሎትም ለጸላዩም ክብር አይሆንም፤ እንዲህ አልልም። ሰውየው አስቀድሞ የሚያረጋጋው ነገር ካለ ግን አዲስ ከማስተማራችን በፊት እሱን እንጠይቅ ነው የምለው። መወዛወዝ ወይም እጅን ማርገብገብ የሚያረጋጋው ከሆነም ተዉት ይወዛወዝ። «አታድርግ» ማለት ያለውን መድኃኒት መቀማት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አስተውሎት መጥፎ ሁኔታን ለመሸከም ማስተማሪያ ሊሆን ይችላል፤ ይህን እፈራለሁ። ጄኔሬተሩን ከመስኮቱ ሥር አስነሥተን፣ ፈተናውን በ200 ሰው አዳራሽ አድርገን፣ ክፍሉን ያለ ማስታወቂያ ቀይረን፣ ከዚያ «ተንፍስ» ማለት ተገቢ አይደለም። አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪ ለሠራተኛው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ይጠይቃል። ማመቻቸት ሲባል መወጣጫ ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። ለዚህ ወጣት ማመቻቸት ማለት ፈተናውን ከአሥር ሰው ጋር በትንሽ ክፍል መውሰድ፣ የጆሮ መሸፈኛ ማድረግ፣ የፕሮግራም ለውጥ ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ማግኘት ነበር። ገንዘብ አልጠየቀንም። ከእኔ ልምምዶች ሁሉ ይበልጥ የረዳውም ይኸው ይመስለኛል፤ ይህን የምናገረው ልምምዱን ላስተምር ተጋብዤ ስለሆነ ጥቂት ያሳፍራል።

ጥንቃቄም አለ። በጦርነት የተጎዳ ሰው ጸጥ ሲል ያ ትዝታ ሊመጣበት ይችላል። ልምምዱ ሲያስጨንቅ፣ ሰውየው ከራሱ የተለየ ወይም የሌለ ሲመስለው፣ ሌሊት ቅዠት ሲበዛበት ልምምዱ ይቁም። በዓይን ክፍት፣ በእግር መራመድ፣ በሚነካ ነገር ይተካ። ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው ደግሞ ልምምድ ሳይሆን ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ወደ ዓይደር ሆስፒታል ወይም ቅርብ ወዳለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አብራችሁት ሂዱ። አብራችሁት ነው ያልኩት፤ ስልክ ቁጥር ሰጥቶ መሸኘት አይበቃም።

ለጥያቄ ጊዜ እንተው።

(አንዲት እናት ልጃቸው 24 ዓመቱ መሆኑንና እንደማይናገር ገልጸው ይህ ልምምድ ለእሱ ይሆን እንደሆነ ጠየቁ።)

ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። ከጠቀስኳቸው ጥናቶች ውስጥ እንደ ልጅዎ ያሉ ሰዎች እምብዛም ስላልተካተቱ፣ ከጥናት ተነሥቼ «ይሠራል» ብልዎ አታላይ እሆናለሁ። ከልጅዎ ግን መነሣት እንችላለን። ሲረጋጋ ምን እያደረገ ነው? ውኃ ይነካል? ይራመዳል? ያንን በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ከመረበሹ በፊት ያድርግ፤ ከተረበሸ በኋላ ሳይሆን። ሁለተኛው ነገር ስለ እርስዎ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና፣ በአገራችንም ተስማሚ ተደርጎ የተሞከረው፣ ስለ ተንከባካቢው የራሱ ደኅንነት የሚናገር ክፍል አለው። የእርስዎ ትከሻ ሲወጠር ልጅዎ ያየዋል። የእግሩን ልምምድ መጀመሪያ እርስዎ ይሞክሩት፤ እሱ አጠገብዎ ይቀመጥ፤ እንዲያደርግ አይጠይቁት።

(አንዲት ተማሪ ልምምዱ በቀን ምን ያህል ጊዜ መወሰድ እንዳለበት ጠየቀች።)

በኔዘርላንዶቹ ትምህርት የቤት ሥራው ረጅም ነው። እኔ ግን በሦስት ደቂቃ ጀምሪ ነው የምልሽ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ወንበር ይሁን። ስልክሽ ላይ ማስታወሻ አድርጊ፤ መብራት የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ከቁርስ ጋር እሰሪው፤ ቁርስ መብራት አይፈልግም። ሁለት ሳምንት ሞክረሽ የሚከብድሽ ከሆነ ተዪው፤ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።

በሩ አጠገብ በአማርኛና በትግርኛ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ገጽ መመሪያ አለ፤ በትልልቅ ፊደል ነው የተጻፈው። ምሳሌያዊ አነጋገር እንዳይኖርበት ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያገኘ ሰው ካለ አስምሮበት ይመልስልኝ፤ አወጣዋለሁ።